ቤቱ ቀድሞ የማን ነበር? የኦኖ ፉዩሚ የመናፍስት ልቦለዶች ሲዳሰሱ

ሴትየዋ ወደ ኪራይ ቤቷ ከገባች ገና ብዙ አልቆየችም። ማታ ማታ ሥራዋን ይዛ ስትቀመጥ ከጀርባዋ ካለው ክፍል ድምፅ ይሰማታል፤ ታታሚ በሚባለው የጃፓኖች የሣር ምንጣፍ ላይ አንድ ነገር ወዲያና ወዲህ እያለ ይጠርጋል። ዞር ስትል ማንም የለም። አንድ ቀን ግን የኪሞኖ መቀነት የሚመስል ጨርቅ ወለሉን እየዳበሰ ሲያልፍ በዓይኗ ጠርዝ ታያለች። የመቀነት ጫፍ እንዲያ ወለል የሚጠርገው የታጠቀችው ሴት ከላይ ተንጠልጥላ ስትወዛወዝ መሆኑ የሚገባት ኋላ ነው።

ሌላ ደራሲ ቢሆን ከዚህ በኋላ ጩኸት ያመጣ ነበር። ጃፓናዊቷ ኦኖ ፉዩሚ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ባሳተመችው «ዛንኤ» በተባለው ልቦለዷ ምርመራ አመጣች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሕንፃው ገና አዲስ ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ራሱን ያጠፋ ሰው አልተገኘም። ታዲያ የተሰቀለችው ሴት ከየት መጣች? ሕንፃው ከመቆሙ በፊት ቦታው ላይ ምን ነበር? ከዚያስ በፊት?

ኦኖ የቤተሰቧ ስም ነው፤ በጃፓን ልማድ ይቀድማል። ደራሲዋ ከ1988 ጀምሮ ለልጃገረዶች የተጻፉ የኪስ መጻሕፍት፣ ባለ ብዙ ቅጽ ምናባዊ ታሪክ፣ ከባድ የመንደር ልቦለድና የአንድ ገጽ የመናፍስት ወሬ ጽፋለች። ሥራዎቿ በመልክ ቢለያዩም በአስፈሪ ታሪኮቿ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፤ ከቤቱ አልወጣም ያለ ሙት ሲገኝ ምን ይደረጋል? መልሷ ግን በየአሥር ዓመቱ ተቀይሯል። በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቷ ሙቱ ይመረመራል፣ ይባረራል። በመካከለኛው ዘመኗ ሕያዋኑ ራሳቸው ከሙቱ የባሱ ሆነው ይገኛሉ። በኋለኞቹ ደግሞ ከሙቱ ጋር አብሮ የመኖር ብልሃት ይፈለጋል። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ያንን ለውጥ ነው።

ኦኖ ስሟን ያተረፈችበት ዘመን የጃፓን አስፈሪ ልቦለድ ያበበበት ነው። በ1991 የሱዙኪ ኮጂ «ሪንግ» ወጣ፤ በ1998 ናካታ ሂዴኦ ፊልም አድርጎት፣ ፀጉሯ ፊቷን የሸፈነው ሴት ከቴሌቪዥን መስኮት ስትወጣ መላው ዓለም አየ። ካዶካዋ የተባለው አሳታሚ በ1993 ለአስፈሪ ልቦለድ ብቻ የሚሆን ሽልማትና የኪስ መጽሐፍ ተከታታይ አቋቋመ። ሴና ሂዴአኪ በ1995 በሽልማቱ ያሸነፈበትን «ፓራሳይት ኢቭ» በሕዋስ ሳይንስ ላይ ገነባው፤ ኪሺ ዩሱኬ በ1997 «ጥቁሩ ቤት»ን ከኢንሹራንስ ቢሮ ጠረጴዛ ጀመረው። ፍርሃት በካሴት፣ በቤተ ሙከራ፣ በውል ወረቀት ውስጥ ተፈለገ። ኦኖ በዚያው ዘመን ብትጽፍም የመሣሪያው አዲስነት ብዙም አላጓጓትም። ዓይኗ ያረፈው በግድግዳው፣ በጣሪያውና በመሬቱ ላይ ነው።

የተወለደችው በ1960 በኪዩሹ ደሴት፣ ኦይታ በተባለው ክልል፣ ናካትሱ በተባለች አሮጌ የቤተ መንግሥት ከተማ ነው። ኪዮቶ ሄዳ በቡድሂስቶች በተመሠረተው ኦታኒ ዩኒቨርሲቲ የቡድሃን ትምህርት አጠናች። እዚያው ከተማ በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ አፍቃሪዎች ማኅበር ውስጥ ገባች። ይህ የተማሪዎች ማኅበር ለጃፓን ሥነ ጽሑፍ ትልቅ ውለታ የዋለ ነው፤ ኖሪዙኪ ሪንታሮና አቢኮ ታኬማሩ ከዚያ የወጡ ናቸው። በ1986 ያገባችው አያትሱጂ ዩኪቶም የዚያው ማኅበር አባል ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ባወጣው «የአሥር ማዕዘን ቤት ግድያ» የምርመራ ልቦለድን እንደገና አነቃቅቷል። የእሱም ተከታታይ መጻሕፍት እንግዳ በሆኑ ቤቶች ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ሁለቱ ደራሲዎች በአንድ ጣራ ሥር ሆነው ስለ ቤት መጻፋቸው ደስ የሚል መገጣጠም ነው።

ከዚያ ማኅበር ኦኖ ይዛው የወጣችው ነገር በመጻሕፍቷ ሁሉ ይታያል። ምስክር ይጠየቃል፣ ቃሉ ከሌላው ምስክር ቃል ጋር ይመሳከራል፣ ቀንና ሰዓት ይመዘገባል፣ የቤቱ ንድፍ ይሳላል። ሙት መንፈስ እንደ ተጠርጣሪ ይያዛል ማለት ይቻላል።

ይህ በግልጽ የታየው ከ1989 ጀምሮ ኮዳንሻ የተባለው አሳታሚ ለወጣት ልጃገረዶች በሚያሳትመው ተከታታይ ውስጥ በወጡት «አኩርዮ» በተባሉት መጻሕፍት ነው። ከጊዜ በኋላ «ጎስት ሀንት» በሚለው ስም ታወቁ። ተራኪዋ ታኒያማ ማይ የአንደኛ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። በአጋጣሚ የመናፍስት ምርመራ ቢሮ ላቋቋመ አንድ ኩሩ ወጣት ረዳት ሆና ትቀጠራለች። ወጣቱ ወደ ቤቱ የሚገባው በካሜራ፣ በድምፅ መቅጃ፣ በሙቀት መለኪያ ተከቦ ነው። አብረውት ደግሞ የቡድሃ መነኩሴ፣ የሺንቶ አገልጋይ፣ ሙታንን አነጋግራለሁ የምትል ልጅ እና ከአውስትራሊያ የመጣ የካቶሊክ ቄስ አሉ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ጸሎትና ሥርዓት ይሞክራል።

የመጀመሪያው ጉዳይ የደራሲዋን አቋም ያሳውቃል። አሮጌ የትምህርት ቤት ሕንፃ መንፈስ አለበት ተብሎ ሊፈርስ አልቻለም። መነኩሴውም አገልጋይዋም ሲጸልዩ ይውላሉ። በመጨረሻ የሚገኘው መልስ ግን ከመሬቱ ይመጣል፤ ከሥሩ ያለው አፈር እየሰመጠ ሕንፃው ይንጋደዳል፣ የሚሰማው ስንጥቅጥቅ ከዚያ ነው። የቀረውን ሁከት ሳታውቀው የምታስነሳው ደግሞ ትኩረት የተራበች አንዲት ተማሪ ናት። አንባቢዋ ልጅ ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ አንድ ነገር ትማራለች፦ ከመፍራት በፊት መለካት። መለካቱ ሲያልቅ ያልተፈታ ነገር ከተረፈ፣ ያ የተረፈው በእውነት ያስፈራል።

በአምስተኛው መጽሐፍ ይህ ዘዴ ወደ ሙሉ ውበቱ ይደርሳል። ቡድኑ ማለቂያ የሌላቸው ክፍሎች ባሉት አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ሰዎች እየጠፉበት ይገባል። ክፍል በክፍል ርዝመቱን እየለኩ ንድፍ ሲስሉ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ከውጭ የተለካው ቤት ከውስጥ ከተለኩት ክፍሎች ድምር ይበልጣል። በመካከሉ መግቢያ የሌለው ባዶ ቦታ አለ። አንባቢን በሒሳብ ጉድለት ማስፈራት ቀላል ሙያ አይደለም፤ ለልጃገረዶች በተዘጋጀ ርካሽ የኪስ መጽሐፍ ውስጥ መገኘቱ ደግሞ የዚያን ዘመን የጃፓን ወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ምን ያህል ለጋስ እንደነበር ይመሰክራል። ደራሲዋ እነዚህን መጻሕፍት በ2010 እና 2011 እንደገና ጽፋ በሰባት ቅጽ አሳትማቸዋለች። በ2006 ደግሞ በቴሌቪዥን የካርቱን ተከታታይ ሆነው ቀርበዋል።

በ1991 የወጣው «ማሾ ኖ ኮ» ወደ ሌላ ጎዳና የወሰዳት መጽሐፍ ነው። በልጅነቱ ለአንድ ዓመት ተሰውሮ የተመለሰ አንድ ተማሪ አለ፤ እሱን የነካ ሁሉ አደጋ ይደርስበታል፣ ይሞታል። መጽሐፉ አስፈሪ ልቦለድ ሆኖ ይነበባል፤ ነገር ግን ልጁ የሄደበት ዓለም የራሱ ነገሥታት፣ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ታሪክ ነበረው። በ1992 ከዚያ ዓለም «አሥራ ሁለቱ መንግሥታት» የተባለው ተከታታይ ተወለደ። ኦኖ በአገሯ በሰፊው የምትታወቀው በእሱ ነው። የጃፓን የሕዝብ ማሰራጫ የሆነው ኤንኤችኬ ከ2002 ጀምሮ በ45 ክፍል በካርቱን አቀረበው። በ2019 ከ18 ዓመት በኋላ አዲስ ረጅም ታሪክ በአራት ቅጽ ሲወጣ ብዙ አንባቢ አገኘ። ይህ ዳሰሳ በዚያ ላይ አይቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ ይጠቀሳል። በምናባዊው ዓለምም ቢሆን ኦኖን የሚያሳስባት አንድ ሕዝብ ሲጠፋ ማን እንደሚመዘግበው፣ መንደሩ ሲቃጠል የት እንደሚጠለል ነው።

ከባዱ የመንደር ልቦለዷ «ሺኪ» በ1998 ሲወጣ በሁለት ትላልቅ ቅጾች ነበር፤ በኪስ መጽሐፍ ሲታተም አምስት ሆነ። ደራሲዋ መጽሐፉን ያበረከተችው ለአሜሪካዊው ስቲቨን ኪንግ የ1975 ልቦለድ «ሳሌምስ ሎት» ነው። ሐሳቡን ከዚያ መውሰዷን በግልጽ ተናግራለች ማለት ነው፤ በአንድ ትንሽ ከተማ ላይ ደም የሚመጥጡ ሙታን ይወርዳሉ። ይሁን እንጂ ከአሜሪካ ወደ ጃፓን ሲሻገር ታሪኩ ሥር ቀየረ።

መንደሩ ሶቶባ ይባላል። 1,300 ገደማ ነዋሪ አለው፤ ሦስቱም ጎኑ በጥድ መሰል ዛፎች ደን የተዘጋ ነው፤ ከዚያ ዛፍ በመቃብር ላይ የሚቆሙ የእንጨት ሰሌዳዎችን በመሥራት ኖሯል። ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ይህ ነው፦ በጃፓን ሬሳ ከሞላ ጎደል ሁሉ ይቃጠላል፤ ሶቶባ ግን እስከ ዛሬ ሙታኑን በአፈር ይቀብራል። ሙት ሊነሣ የሚችለው የሚነሣበት አካል ሲኖረው ነው። ኦኖ ከውጭ የመጣውን ጭራቅ በአገሯ ለማኖር የፈለገችው ሁሉ ይህን አንድ የቀብር ልማድ ነበር።

በበጋው ሙቀት በተራራው ጫፍ ሦስት ሽማግሌዎች ሞተው ይገኛሉ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያለ ሞት ይበረክታል። የመንደሩ ሐኪም ኦዛኪ ቶሺዮ ወረርሽኝ ነው ብሎ ደም ይመረምራል፣ ጽሑፍ ያገላብጣል። የልጅነት ጓደኛው ሙሮይ ሴይሺን የመንደሩ ቤተ መቅደስ አገልጋይ ነው፤ ልቦለድም ይጽፋል። በኮረብታው ላይ የአውሮፓ ዓይነት ቤት ሠርቶ የገባ አንድ እንግዳ ቤተሰብ አለ፤ ከቤተሰቡ አንዷ ሱናኮ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት የምትመስል ልጅ ናት።

የመጽሐፉ ታላቅ ብልሃት የሚታየው ግን ፍርሃቱ በቢሮ ወረቀት በኩል ሲገባ ነው። ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎች ከከተማ ሥራቸው ድንገት መልቀቂያ ያስገባሉ። ቤተሰቦች በሌሊት ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ። መንደሩ ውስጥ አዲስ ቀባሪ ድርጅትና ሌሊት የሚሠራ ክሊኒክ ይከፈታሉ። የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ከመሸ በኋላ ብቻ ይታዩ ጀምረዋል፤ የሞት ምዝገባው ወደ በላይ ቢሮ አይተላለፍም። በመዝገብ ላይ ማንም አልሞተም። አንድ መንደር ከአገሩ ሳይሰማ የሚጠፋው እንደዚህ ነው፤ ጭራቁ መጀመሪያ የሚቆጣጠረው ማኅተሙን ነው። የጃፓን ገጠር በሽምግልናና በስደት ባዶ መሆን በጀመረበት ዘመን ይህን ያነበበ ሰው፣ ጎረቤቱ የት ሄደ ብሎ ሳይጠይቅ የቀረባቸውን ቀናት ማስታወሱ አይቀርም።

ታሪኩ ሲገፋ ሚዛኑ ይገለበጣል። ሐኪሙ ከሞት የተነሣችውን የገዛ ሚስቱን አስሮ ምን እንደሚገድላት ለማወቅ ይመራመርባታል፤ የሚያገኘው እውቀት ለመንደሩ መከላከያ ይሆናል፣ ያገኘበት መንገድ ግን ሊረሳ አይችልም። ገበሬዎቹ መዶሻና ሹል እንጨት ይዘው ትናንት የቀበሯቸውን ዘመዶቻቸውን ሊገድሉ ይወጣሉ፤ በመካከሉ ምግብ ይካፈላሉ፣ ስለ ድካማቸው ያወራሉ። በሌላ በኩል ከሞት ከተነሡት መካከል ርኅሩኋ ነርስ ሪትሱኮ የሰው ደም አልጠጣም ብላ በረሃብ ትዘልቃለች። የቤተ መቅደሱ አገልጋይ ደግሞ ወደ ሱናኮና ወደ ሙታኑ ወገን ይሻገራል። ደራሲዋ ለማንም አትፈርድም ማለት ስህተት ነው፤ ትፈርዳለች፣ ግን ፍርዷ ወገን አይለይም። የሚገድል ሁሉ፣ ለመኖርም ይሁን ለመከላከል፣ የሚከፍለው ነገር አለ። መንደሩም በመጨረሻ በእሳት ይበላል።

እውነት ለመናገር «ሺኪ» ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ መቶዎች ገጾች በስምና በዝምድና የተሞሉ ናቸው፤ እነማን የማን ልጆች እንደሆኑ፣ የትኛው ቤት ከየትኛው ሰፈር እንደሆነ ወረቀት ይዞ መጻፍ ያስፈልጋል። ብዙ አንባቢ እዚያ ላይ ይዝላል። ነገር ግን ያ ዝርዝር ከወጣ መጽሐፉ ይፈርሳል። መንደሩን እንደ ነዋሪ ሳያውቁት የመንደሩ ሞት አያምም። በ2010 የተሠራው ባለ 22 ክፍል የቴሌቪዥን ካርቱን ፍጥነቱን ጨምሮ ብዙ ተመልካች አግኝቷል፤ የልቦለዱን ቀስ ብሎ የሚጨምቅ ክብደት ግን ሊሸከመው አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በሥራዋ ውስጥ ዝግ ያለ ነው። ዝግ ባለው ዘመን የተመለሰችበት ሥፍራ ግን በጣም የቆየ ነው።

ከዘመናዊት ጃፓን በፊት በነበረው የኤዶ ዘመን ጃፓኖች በሌሊት ተሰብስበው መቶ የመናፍስት ወሬ የሚያወሩበት ጨዋታ ነበራቸው። መቶ ክር ይለኮሳል፤ አንድ ወሬ ባለቀ ቁጥር አንዱ ክር ይጠፋል። መቶኛው ሲጠፋ በጨለማው ውስጥ የተጠራው ነገር ይመጣል ተብሎ ስለሚፈራ ብዙ ጊዜ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ያቆሙ ነበር። ከዚያ ዓለም የኡዌዳ አኪናሪ የ1776 የመናፍስት ታሪክ ስብስብ «ኡገትሱ ሞኖጋታሪ» ወጣ። በ1904 ደግሞ ከግሪካዊት እናትና ከአየርላንዳዊ አባት የተወለደው ላፍካዲዮ ኸርን «ክዋይዳን» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ፤ ብዙዎቹን ወሬዎች የነገረችው ጃፓናዊት ሚስቱ ሴትሱ ነበረች። ወሬው ሁልጊዜ ከአንድ ሰው አፍ ይነሣል። በ1990ዎቹ ይህ ልማድ እንደገና ታደሰ፤ ኪሃራ ሂሮካትሱና ናካያማ ኢቺሮ ተራ ሰዎች «ደረሰብኝ» ያሉትን አጫጭር ወሬ ሰብስበው «ሺን ሚሚቡኩሮ» በሚል ተከታታይ አወጡ። ማብራሪያ የለውም፣ ቤዛ የለውም፤ የሆነው ተነግሮ ያበቃል።

ኦኖ በ2004 መታተም በጀመረው «ዩ» በተባለ የመናፍስት ወሬ መጽሔት ላይ እንዲህ ያሉ አጫጭር ታሪኮችን መጻፍ ጀመረች። በሐምሌ 2012 ተሰብስበው «ኪዳን ሂያኬይ» በሚል ሲወጡ ቁጥራቸው ዘጠና ዘጠኝ ነው። በዚያው ወር ከሌላ አሳታሚ «ዛንኤ» ወጣ። አንባቢው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጣቸው መቶው ይሞላል። የሁለት አሳታሚዎችን መጻሕፍት እንዲህ አስተባብሮ አሮጌውን ጨዋታ በአንባቢው ቤት መደርደሪያ ላይ ማጫወትን ከኦኖ በፊት በዚህ መልክ የሠራ ሰው መጥቀስ ያስቸግራል።

«ዛንኤ» ማለት ተርፎ የቀረ ርኩሰት ነው። ተራኪዋ ስሟ የማይጠራ ደራሲ ናት፤ ቀድሞ ለወጣቶች ተከታታይ አስፈሪ መጻሕፍት ጽፋለች፣ ባሏም ደራሲ ነው፣ የምትኖረው ኪዮቶ ነው። በእነዚያ መጻሕፍት ማብቂያ ላይ አንባቢዎች የሚያውቁትን የመናፍስት ወሬ እንዲልኩላት ጠይቃ ነበር። ደብዳቤ ከላኩላት አንዷ ያቺ የሚጠርግ ድምፅ የምትሰማዋ ተከራይ፣ በመጽሐፉ ኩቦ የተባለችው ናት። ሌሎች የታወቁ የአስፈሪ ታሪክ ደራሲዎች፣ ሂራያማ ዩሜአኪና ፉኩዛዋ ቴትሱዞ፣ በራሳቸው ስም በገጸ ባሕርይነት ይገባሉ። ዘገባና ልቦለድ የሚለያዩበት መስመር ሆን ተብሎ ጠፍቷል።

ሁለቱ ሴቶች ለዓመታት ይፈልጋሉ። በዚያው ሕንፃ በሌላ ክፍል ያለ ሕፃን ባዶ ጣሪያ ላይ የሚወዛወዝ ነገር እየጠቆመ ይጫወታል። ከኩቦ በፊት በክፍሏ የነበረው ሰው ወደ ሌላ ቤት ተዛውሮ ራሱን አጥፍቷል። ከሕንፃው በፊት በቦታው ላይ ቆሻሻ እየሰበሰበ ቤቱን የሞላ ሽማግሌ ነበር። ከዚያ በፊት ልጇን ከዳረች በኋላ በክብር ልብሷ እንደተዋበች ራሷን የሰቀለች እናት አለች፤ ሴትዮዋ ከመሞቷ በፊት የሕፃን ልቅሶ ከወለሉ ሥር እየሰማች ትጨነቅ ነበር። ሕፃናቱ ደግሞ ከእሷም በፊት በዚያ መሬት ላይ የተገደሉ ናቸው። እንዲህ እያለ ነገሩ በቤት ውስጥ ወደ ተቆለፈበት አንድ ወጣት፣ ከእሱም አልፎ በኪዩሹ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ወደ ነበረው አንድ ባለጸጋ ቤት ይደርሳል። ሰንሰለቱ አንድ ሙት ሌላውን ሲያስከትል ነው፤ እያንዳንዷ ጣረ ሞት ራሷ የቀደመውን ጣረ ሞት አይታ የሞተች ናት።

ኦኖ እዚህ ላይ ከታሪክ መዝገብ ትሠራለች። የተቆለፈበት ወጣት የፈጠራ ቢሆንም ሕጉ ፈጠራ አይደለም፤ በ1900 የወጣው የአእምሮ ሕሙማን ጥበቃ ሕግ ቤተሰብ በሽተኛውን በቤቱ ውስጥ በተሠራ ክፍል እንዲያስር ይፈቅድ ነበር፣ የተሻረውም በ1950 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ በብዙ ቤት ጓዳ ውስጥ በሕግ የታሰሩ ሰዎች ነበሩ። የከሰል ማዕድኑም ሞት እንደዚሁ ነው። መንፈሱ የሚያስታውሰው አገሩ ሊያስታውስ ያልወደደውን ነው።

የርኩሰቱ አካሄድም ከአሮጌ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። በ927 ተጠናቅቆ ለቤተ መንግሥት የቀረበው «ኤንጊሺኪ» የተባለው የሕግ ስብስብ፣ በሞት የሚመጣ ርኩሰት ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚዛመት ይደነግጋል። ርኩሰት ወዳለበት ቤት የገባ ሰው ከነቤተሰቡ ይረክሳል። ወደ እሱ ቤት የመጣ ሦስተኛ ሰው ግን ራሱ ብቻ ይረክሳል፣ ቤተሰቡን አያረክስም። ከሦስተኛው የተገናኘው አራተኛ ንጹሕ ነው። የጥንቱ ሕግ ማብቂያ ነበረው ማለት ነው። በ«ዛንኤ» ውስጥ ያ ማብቂያ ጠፍቷል። ሰው ከተማ ይቀይራል፣ ዕቃው ይሸጣል፣ የአሮጌ ቤት እንጨት ለአዲስ ቤት ይውላል፤ ርኩሰቱም አብሮ ይጓዛል። ወሬውን መስማት ብቻ መነካት ከሆነ አንባቢውም ተነክቷል። መጽሐፉ ይህን ጮክ ብሎ አይናገርም፤ አንባቢው ራሱ ደርሶበት እንዲደነግጥ ይተወዋል።

ይህ ለጃፓን አንባቢ ቅርብ ጉዳይ ነው። ሰው የተገደለበት ወይም ራሱን ያጠፋበት ቤት በደላሎች ዘንድ «ጂኮ ቡክን» ይባላል፤ ኪራዩ ይረክሳል፣ ተከራይ ይሸሸዋል። ከ2005 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ቤቶችን በካርታ ላይ የሚያሳይ ድረ ገጽ አለ። በጥቅምት 2021 ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ መሠረት በኪራይ ቤት እንዲህ ያለ ሞት ከደረሰ እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ለአዲሱ ተከራይ ሊነገረው ይገባል፤ በሕመምና በእርጅና የመጣ ሞት ግን መነገሩ ግዴታ አይደለም። ሦስት ዓመት። የኦኖ ልቦለድ ከመመሪያው ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ የጠየቀው ከዚያ በፊት ስላለው ነው። ሰው ያልሞተበት መሬት በዚያች ጠባብ አገር የት ይገኛል?

መጽሐፉ በ2013 የያማሞቶ ሹጎሮን ሽልማት አሸነፈ። አስፈሪ ታሪክን በዘገባ ድርቅና መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ አሰልቺ ነው፤ የነዋሪዎች ስም፣ የገቡበትና የወጡበት ዓመት ገጽ በገጽ ይዘረዘራል። ነገር ግን ድርቅናው ራሱ ያሳምናል። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ምስክር ይታመናል። በ2016 ናካሙራ ዮሺሂሮ ታኬኡቺ ዩኮንና ሃሺሞቶ አይን ይዞ የሠራው ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጠባይ ጠብቋል፤ ወደ መጨረሻ ላይ ጣረ ሞቶቹን በግልጽ ለማሳየት ሲሞክር ግን የመጽሐፉ ኃይል ከእጁ ያመልጣል።

ከ«ዛንኤ» በኋላ ደራሲዋ ምን ሊቀራት ይችላል? መሬቱ ሁሉ ከተነካ፣ ማባረርም መሸሽም ከንቱ ከሆነ፣ ሰው የት ይኑር? በ2014 የጀመረው «ኤይዘን ካሩካያ» የተባለው የአጫጭር ታሪክ ስብስብ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው፤ ከሥራዎቿም ሁሉ እጅግ ርኅራኄ የሞላበት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለተኛው በ2019፣ ሦስተኛው በ2022 ወጥቷል። የሽፋን ሥዕሎቹን የሠራችው «ሙሺሺ» በተባለው የሥዕል ታሪኳ የምትታወቀው ኡሩሺባራ ዩኪ ናት።

ቦታው ስሟ ያልተጠቀሰ አሮጌ የቤተ መንግሥት ከተማ ናት፤ ጠባብ መንገዶች፣ ከአያት የተወረሱ የእንጨት ቤቶች፣ የውኃ ጉድጓድ ያለባቸው ግቢዎች። ነዋሪዎቹ ባለጸጎች አይደሉም። ከአክስት የወረሰች ብቸኛ ሴት፣ ከፍቺ በኋላ ልጇን ይዛ የተመለሰች እናት፣ እናቱ የምትጃጅበት ሰው፤ ቤቱ ቢያስፈራቸውም ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም። ችግሩ ሲጠና የሚመጣው ኦባና የተባለ ወጣት ጠጋኝ አናጺ ነው። አይጸልይም፣ ጠበል አይረጭም፣ መንፈስ አይታየኝም ይላል። ቤቱን ዞሮ ያያል፣ ቀድሞ ምን እንደነበር ይጠይቃል፣ ከዚያ መስኮት ይከፍታል ወይም በር ያዛውራል።

ከታሪኮቹ አንዱ የሚገርም ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጥቁር የሐዘን ኪሞኖ የለበሰች ሴት በሠፈሩ ጠባብ መንገድ ትታያለች፤ በደረሰችበት ቤት ሰው ይሞታል። በእያንዳንዱ ዝናብ ወደ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ደጅ ትቀርባለች። ኦባና ሴትዮዋን ሊያቆማት አይሞክርም። የምትሄድበትን መንገድ ያጠናና የግቢውን በር ቦታ ያስቀይረዋል። እሷ መንገዷን ትቀጥላለች፣ የቤቱ ባለቤትም በቤቷ ትኖራለች። ሙቷ ምን በደል ደርሶባት እንደምትንከራተት አንባቢው አይነገረውም፤ አናጺውም አይጠይቅም። መብቷ ተጠብቆላታል።

ከ«ጎስት ሀንት» ካሜራዎች እስከዚህ መጋዝና መዶሻ ድረስ ያለው ርቀት ሃያ አምስት ዓመት ነው። ያቺ ወጣት ደራሲ መንፈሱን ከቤት ማስወጣት ትፈልግ ነበር። ይህቺኛዋ ቤቱን ለሁለት ነዋሪ እንዲበቃ አድርጋ ታሠራዋለች። ይህን ለውጥ ሃይማኖታዊ ብቻ አድርጎ ማየት ይቀናል፤ የቡድሃን ትምህርት ያጠናች ደራሲ ናትና። ግን ከዚያ ይልቅ ማኅበራዊ ነው። ሕዝቧ እየቀነሰ፣ ባዶ ቤት እየበዛባት በመጣች አገር ውስጥ የወረሱትን ቤት አፍርሶ አዲስ የመሥራት አቅም የሁሉም አይደለም፤ የቀደመው ሰው በተወው ነገር መካከል መኖር የብዙዎች ዕጣ ሆኗል።

ዛሬ በጃፓን የመጽሐፍ መደብሮች የአስፈሪ ታሪክ መደርደሪያ እንደገና ሞልቷል። ሚትሱዳ ሺንዞ በ2014 ከተለያዩ ዘመናት የመጡ የቤት ወሬዎችን እያመሳከረ ልቦለድ ሠራ። ሳዋሙራ ኢቺ በ2015 በካዶካዋ ሽልማት ብቅ አለ። ጭምብል አድርጎ የሚታየው ኡኬትሱ በ2021 «እንግዳ ቤት»ን ከቤት ንድፍ ብቻ ተነሥቶ ጻፈ፤ በንድፉ ላይ ምክንያት የሌለው ባዶ ቦታ አለ። ሴሱጂ በ2023 የመጽሔት ቁራጮችንና የምስክር ቃሎችን ደርድሮ ስለ ኪንኪ ግዛት አንድ ሥፍራ ያወጣው መጽሐፍ ብዙ ተነቧል። ማን ከማን ተማረ የሚለውን ደራሲዎቹ ራሳቸው ይናገሩ፤ ባዶው ቦታ በንድፍ ላይ መታየቱ፣ ወሬው በሰነድ መረጋገጡ፣ ምርመራው መርማሪውን መበከሉ ግን በኦኖ መጻሕፍት ውስጥ ከእነሱ ቀድሞ ተሠርቶ የቆየ ሥራ ነው። ከእነሱ የሚለያት የሚሞቱባት ሰዎች ሁልጊዜ ስም፣ ሥራና ዕዳ ያላቸው መሆናቸው ነው። በአዲሶቹ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ እንቆቅልሹ ሲፈታ ሰውየው ይረሳል።

ወደ ሥራዎቿ መግባት ለሚፈልግ ሰው የካርቱን ተከታታዮቹና የ2016ቱ ፊልም ከተተረጎመ የግርጌ ጽሑፍ ጋር ስለሚገኙ ቀላሉ በር እነሱ ናቸው። ከ«ጎስት ሀንት» መጀመር ይሻላል፤ የሰመጠው ሕንፃ ጉዳይ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ውስጥ ነው። «ሺኪ»ን ለማየት የሚነሣ ሰው እስከ መጨረሻው ይዝለቅ፤ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ብቻ አይቶ የሚተው ስለ ጭራቆች የተሠራ ታሪክ አየሁ ብሎ ይሄዳል፣ ገበሬዎቹ መዶሻ የሚያነሡት ግን ከዚያ በኋላ ነው።